ከአትላንታ የመጣው የባስ ሳጥን ለጅማ ውሃ ይሆናል ወይ?

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከአትላንታ መጣ። ለእናቴ ብርድ ልብስ፣ ለእህቴ ሽቶ፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ከባድ የፕላስቲክ ሳጥን። አሳ ማጥመድ እንደምወድ ሰው ነግሮት ነው። እሱንም እዚያ አገር የለከፈው ይኸው ነገር ነው። ሳጥኑን ስከፍተው ዓይኔ ፈዘዘ። አረንጓዴ የጎማ ትል፣ እንቁራሪት የሚመስል ነገር፣ ቀሚስ የለበሰ መንጠቆ፣ ዓይን የተሳለላት የእንጨት አሳ። ሁሉም ባስ ለሚባል አሳ የተሠራ ነው።

ባስ ደግሞ እኛ ጋ የለም። ግልገል ጊቤ ብትሉ የለም፣ ጎጀብ ብትሉ የለም።

ሳጥኑን ግን አልጣልኩትም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ያለውን ሁሉ ተራ በተራ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ጥቂቱ አስደነቀኝ፣ አብዛኛው ግንድ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ይህን የምጽፈው ውጭ ያለ ዘመድ "ምን ላምጣልህ?" ሲለው መልስ ለሚያጣ የጅማ ልጅ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ቦታ ካለ ለትንንሽ ስፒነር፣ ማለትም የምትሽከረከር የብረት ቅጠል ላላት መንጠቆ፣ እና ለጥሩ ክር ስጡት። ሌላውን እያነጻጸርን እንየው።

ባስና የእኛ አሳዎች

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት የሚበላውን ማወቅ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ አሳ ነው። አፉ ከሰውነቱ ጋር ሲታይ በጣም ሰፊ ነው። አድብቶ ነው የሚያድነው። የወደቀ ግንድ ሥር ወይም ሣር ውስጥ ተሸጉጦ ይጠብቃል። አጠገቡ የሚያልፍ ነገር ሲያገኝ አፉን ይከፍታል፣ ውሃውንም ምግቡንም አንድ ላይ ይስበዋል። ትንሽ አሳ፣ እንቁራሪት፣ የወንዝ ሸርጣን፣ የዳክዬ ጫጩት ሳይቀር ይውጣል። እስካሁን በመንጠቆ የተያዘው ትልቁ 10 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ክብረ ወሰን ሁለት ሰዎች ይጋሩታል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ የተያዘ ነው፤ የአክስቴ ልጅ የሚኖርበት ግዛት መሆኑ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ። የጃፓኑ በጥቂት ግራም ይበልጣል፣ ግን ልዩነቱ በሕጉ ከሚፈለገው ስላነሰ እኩል ተባሉ። ባስን ለማየት ቅርቡ ቦታ ኬንያ ነው። ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ፈረንጆች አምጥተው የለቀቁት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ከእኛ ውሃ መንጠቆ ላይ የሚመጣው በብዛት ቢልጫና ቆሮሶ ነው። ቢልጫ ጣና አካባቢ ነጭ አሳ የሚሏቸው ዘመዶች አሉት፤ ፈረንጆቹ ባርበስ ይሉታል። ቆሮሶ ያው ቲላፒያ ነው፣ ምግብ ቤት ጠብሰው የሚያቀርቡላችሁ። አምባዛ ደግሞ ባለ ጺሙ።

ቢልጫ ያገኘውን ይበላል። የነፍሳት እጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ ፍሬ፣ ሲያድግ ትንንሽ አሳ። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። አፉ ጠበብ ብሎ እንደ ቱቦ ወደ ፊት ይወጣና ይመጥጣል። የባስን ያህል አፍ ስለሌለው ለባስ የተሠራ ትልቅ ነገር ብትሰጡት ይገፋዋል እንጂ አይውጠውም። ይህን ለመረዳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ክሩ ላይ ኳ፣ ኳ ይላል። እስባለሁ። ባዶ። ለካ ጭራውን ብቻ ነው የሚቀምሰው።

ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ነው፤ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር። አያሳድድም። ጎጆውን ሲጠብቅ ተናዶ ሊነክስ ይችላል፣ ግን እሱን ተማምኖ ስፒነር ይዞ መሄድ ሎተሪ መቁረጥ ነው። አምባዛ ደግሞ በሽታና በጺሙ ነው የሚፈልገው፣ ያውም ሲመሽ። ለእሱ የሚያብረቀርቅ ነገር ትርጉም የለውም፤ መሽተት ነው ያለበት።

እንግዲህ በሉር የሚያዘው ከሦስቱ አንዱ፣ ቢልጫ ነው። ሉር የምለው ምግብ መስሎ የሚያታልለውን ሰው ሠራሽ ማባበያ ሁሉ ነው።

ስፒነር፣ የእንጨት አሳ ወይስ የጎማ ትል?

ሳጥኑ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ያሸነፈችው የማትረባ የምትመስለው ናት። ስፒነር። ቀጭን ሽቦ፣ ሽቦው ላይ የምትሽከረከር ትንሽ የብረት ቅጠል፣ ከኋላ መንጠቆ። ስትጎተት ቅጠሏ ትዞራለች፣ ታብረቀርቃለች፣ ውሃውን ታንቀጠቅጣለች። አሳ በጎንና ጎኑ ላይ ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው፤ ስለዚህ ውሃው ትንሽ ድፍርስ ቢልም ያገኛታል። ከታወቁት ስፒነሮች አንዱ ሜፕስ ነው፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጡት። በቁጥር ይሸጣል። ለእኛ ወንዝ 1 እና 2 ቁጥር ይበቃል። 3 ቁጥር ለሰፊ ውሃ ትሆናለች። ከዚያ በላይ ያለው ለቢልጫ አፍ ይበዛል።

አጠቃቀሟን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔም መጀመሪያ ላይ ተበላሽቶብኝ ነበር። እንደ ጄኔሬተር ገመድ አስፈትልኬ ነበር የምጎትታት። እንዲህ አይደለም። ወንዙን አቋርጣችሁ፣ ትንሽ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ወርውሩ። ወደ ታች ትስመጥ፣ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ከዚያ ቅጠሏ መዞር እስክትጀምር ድረስ ብቻ ፍጠኑ፣ ከዚያ አትጨምሩ። መዞሯ ዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ስልክ ቫይብሬሽን ይሰማችኋል። ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር የሚገናኝበት መስመር አለ አይደል? አረፋው ተሰልፎ የሚሄድበት። እዚያ አሳልፏት። ቢልጫ ጉልበቱን ለመቆጠብ ዝግተኛው ውስጥ ይቆማል፣ ፈጣኑ የሚያመጣለትን ይለቅማል። ሲነክስ ደግሞ ጨዋታ የለውም። ከባስ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው ብዬ የአክስቴን ልጅ አንድ ቅዳሜ ወስጄ አስያዝኩት። ዘንጉ በሁለት እጁ፣ አፉ ክፍት። የዚያን ቀን ስለ ባስ ወሬ አላነሳም።

ስፒነር አንድ መጥፎ ጠባይ አላት። እየዞረች ክሩን ትገምደዋለች። ከፊቷ ትንሽ የሚሽከረከር ቀለበት ካልታሰረ ማታ የምትፈቱት የሱፍ ልቃቂት ነው። ቀለበቷ ትንሽ ናት፣ ዋጋዋም እዚህ ግባ አይባልም፣ ግን ጅማ ስፈልግ አጥቻታለሁ። አስመጡ።

ወደ እንጨቷ አሳ። ክራንክቤት የሚባለው ወፍራሙና አፍንጫው ላይ የፕላስቲክ ምላስ ያለው ነው። ሲጎተት ምላሱ ወደ ታች ያሰምጠዋል፤ ምላሱ በረዘመ ቁጥር ጠልቆ ይሄዳል። ቀጭን ዘመዶቹም አሉ። ከእነዚህ ስመ ጥሩ የፊንላንዱ ራፓላ ነው። ላውሪ ራፓላ የሚባል አጥማጅ እ.ኤ.አ. በ1936 በእጁ ቀርጾ ጀመረው። ትልልቆቹ አሳዎች ከመንጋው መሃል የቆሰለውን፣ የሚንገዳገደውን ለይተው እንደሚበሉ አይቶ ነው ይባላል፤ እንጨቱም ሲጎተት እንዲንገዳገድ አድርጎ ሠራው። ብልህ ሰው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑትን ትንንሾቹን ለትልቅ ቢልጫ ሞክሬ ጥሩ ሆነውልኛል፣ በተለይ ውሃው ጠርቶ ሲታይ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ውድ ናቸው። ሁለተኛ ሁለት ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ተሸክመዋል፤ በጠቅላላው ስድስት ጫፍ ማለት ነው። ግንድ ባለበት ውሃ ስድስት ጫፍ ስድስት ዕዳ ነው። እኔ የፊተኛውን በፒንሳ አውልቄ ጣልኩት። የሚይዘው አሳ ቁጥር ሲቀንስ አላየሁም፣ የሚጠፋው እንጨት ግን ቀነሰ።

የባስ ሳጥን ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ፣ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ጅማ ላይ ሥራ ፈት ናቸው። ግን አትስጧቸው። ከጅማ በበደሌና በመቱ አድርጋችሁ ጋምቤላ ከወረዳችሁ ባሮ ላይ ናይል ፐርች አለ። አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይም አለ። ናይል ፐርች ለባስ ሥጋ ዘመዱ ባይሆንም በጠባይ ወንድሙ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ የአሳ አዳኝ። ክብደቱ ግን አይወራም። በመንጠቆ የተያዘው ትልቁ ግብፅ ውስጥ ናስር ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ነው፣ 104 ኪሎ። ለዚያ የባስ ክራንክቤት እንኳ ትንሽ ይመስላል። ባሮ የምትሄዱ ከሆነ የብረት ሽቦ ቁራጭ ከሉሩ በፊት እሰሩ። እዚያ ታይገርፊሽ የሚባል ባለ ጥርስ አለና ናይለን እንደ ፓስታ ይቆርጥላችኋል።

የጎማ ትል የሳጥኑ ግማሽ ነበር። የዛሬውን ዓይነት ለስላሳ የጎማ ትል ኒክ ክሬም የሚባል የኦሃዮ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 ሠራው፤ ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች በእሱ ላይ ያልፈጠሩት አስተሳሰር የለም። ዝነኛው የቴክሳሱ ነው። ጥይት የመሰለ እርሳስ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ የመንጠቆው ጫፍ ተመልሶ ጎማው ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። ጫፉ ስለተሸፈነ ሣርና ግንድ መሃል ቢጎተት አይጠለፍም። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን መንጠቆው ጎማውን በስቶ እንዲወጣ አሳው ጠቅላላውን በአፉ ማስገባት አለበት፣ እናንተም በኃይል መሳብ አለባችሁ። ባስ ያስገባል። ቢልጫ ይመጥጥና ይተፋል። በአምስት ቅዳሜ በዚህ የያዝኩት አንድ ነው፣ እሱም በጎኑ ተጠልፎ።

ይልቅ ጎማውን 3 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ቆርጬ፣ እርሳስ ጭንቅላት ያላት፣ ጂግ የምትባል ትንሽ መንጠቆ ላይ ሰካሁት። 3 ግራም ገደማ ናት። ይቺ ሠራች። ወደ ታች ትሰምጣለች፣ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ቀና ስታደርጉ ትዘላለች፣ መልሳ ትወርዳለች። የሚነከሰው ስትወርድ ነው። ስለዚህ ክሩ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ከተነቃነቀ ወይም ያለ ጊዜው ከላላ፣ ሳቡ። ከስፒነር በኋላ ሁለተኛ ምርጫዬ ይህች ናት፤ እንዲያውም ጥልቅ ውሃ ላይ አስቀድማታለሁ።

እንቁራሪቷስ? ውሃ ላይ የምትንሳፈፈው? ልጆቹ ወደዷት። ለታናሽ ወንድሜ ሰጠኋት፣ የመታጠቢያ ቤት መጫወቻ ሆነች። ቀሚስ የለበሰው ከባዱ ጂግም እንደዚያው፣ ለቢልጫ መንጠቆው ይበዛል።

ትል ወይስ ሉር?

ጅማ አጠገብ፣ ቦዬ የሚባለው ውሃ ዳር የሚያጠምዱ ልጆች አሉ። ዘንጋቸው ሸንበቆ ነው፣ ክራቸው ናይለን፣ መንሳፈፊያቸው ቡሽ። በአንድ ቀን ከእኔ የበለጠ ይዘው ሲገቡ አይቻለሁ። አፍሬ አልደብቅም። ስለዚህ ዓላማችሁ ቆሮሶ ከሆነ ይህን ሁሉ ስለ ስፒነር ያወራሁትን ዝለሉት። የምድር ትል በነፃ ነው። የእንሰት ጓሮ ወይም የከብት እበት የሚጣልበት ጥላ መሬት ቆፍሩ፣ ሞልቷል። የበቆሎ ሊጥም ይሆናል፤ ጠንከር ብሎ መቦካት አለበት፣ አለበለዚያ ውሃው ያሟሟዋል። ትንሽ ጥጥ ብታቦኩበት መንጠቆው ላይ ይቆያል። ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከዝናብ በኋላ ሲወጣ ለቅማችሁ ብታስቀምጡ ቢልጫም ቆሮሶም ይወደዋል። ፌንጣም እንዲሁ።

ከውጭ ማስመጣት የሚገባው መንጠቆው ነው። እዚህ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ትልቅና ደነዝ ነው። የመንጠቆ ቁጥር ግራ ያጋባል፣ ልብ በሉ። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ታንሳለች። ከ1 ካለፈ በኋላ ደግሞ 1/0፣ 2/0 እያለ ወደ ላይ ያድጋል። የአክስቴ ልጅ ሳጥን ውስጥ የነበሩት በብዛት 3/0 እና 4/0 ናቸው። ለቆሮሶ 8 ወይም 10፣ ለቢልጫ በትል 4 ወይም 6 በቂ ነው። 4/0 አምባዛ ባለበት ውሃ፣ የዶሮ አንጀት ሰክታችሁ ታች መሬት ላይ የምታስቀምጡት ነው። ቁርጥራጭ አሳም ይሆናል። የሚሸት ሁሉ ይሆናል። መኪና ውስጥ ግን አታስቀምጡት፤ እኔ አንድ ጊዜ ረስቼው የሚኒባስ ሰው በሙሉ መስኮት ከፈተብኝ።

ታዲያ ሉር ለምን? ትል የያዘ ሰው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስፒነር የያዘ ሰው ይሄዳል፣ ወንዙን ይመረምራል። አስር ወርውሮ ካልተነካ ሃምሳ ሜትር ይራመዳል። ትል ትንንሾቹንም ትልልቆቹንም ይጠራል፤ ስፒነር በአብዛኛው ትልልቆቹን። ደግሞ ትል የተዋጠ ጊዜ መንጠቆው ጉሮሮ ይገባል፣ ትንሹን ልመልስ ብትሉ ይሞትባችኋል። በስፒነር ከንፈሩ ላይ ነው የሚያዘው። ለድስት ከሆነ ትል፣ ለመንፈስ ከሆነ ስፒነር። በጾም ሰሞን ጎረቤት "አሳ የለም ወይ?" ማለት ሲያበዛ እኔም ትል እቆፍራለሁ።

ሌላ የሚነጻጸር ነገር አለ ብላችሁ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተንን ወይም በአጎበር መጥረግን እንዳታነሱብኝ። ጫጩቱንም እናቱንም አንድ ላይ የሚጨርስ ነገር ማጥመድ አይባልም።

ዘንግና መጠቅለያ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሸውዷል፣ እኔም ጭምር። ከከተማ አንድ ሱቅ የገዛሁት የመጀመሪያው የክር መጠቅለያዬ በሦስተኛው ቅዳሜ እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡን ስከፍተው ጥርሶቹ ፕላስቲክ ናቸው። ስለዚህ ከውጭ ይምጣ ቢባል አያስገርምም። ግን የትኛው?

የባስ አጥማጆች የሚኮሩበት ቤትካስተር የሚባለው ነው። ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፣ ክሩ የተጠቀለለበት በርሜል ስትወረውሩ አብሮ ይሽከረከራል። በአውራ ጣት እየተቆጣጠራችሁት ከባድ ነገር ወደ ጠባብ ቦታ ለመላክ የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን በርሜሉን ለማሽከርከር ሉሩ ክብደት ያስፈልገዋል። 10፣ 14 ግራም ሲሆን ይሠራል። 4 ግራም ስፒነር አስራችሁ ብትወረውሩ በርሜሉ ከሉሩ ቀድሞ ይዞርና ክሩ እላዩ ላይ ይዝረከረካል። ጊቤ ዳር ተቀምጬ አንድ ሙሉ ረፋድ ክር ፈትቻለሁ። በግ የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ሥራዬ ሹራብ መሥራት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ስፒኒንግ የሚባለው ከዘንጉ በታች ይንጠለጠላል። በርሜሉ አይዞርም፤ ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ስለዚህ ቀላል ነገር ያለ ችግር ይወረውራል። ለጅማ ያለ ጥርጥር ይኸኛው ነው። መጠኑ በቁጥር ይነገራል፤ 2000 ወይም 2500 በሉ። 4000 ለጋምቤላ ነው።

ዘንጉም ተመሳሳይ ነገር ነው። የባስ ዘንግ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፣ ባስን ከሣር ውስጥ ለመንቀል ስለሚፈልጉት። ጠንካራ ዘንግ በቀላል ሉር አይጎብጥም፤ ካልጎበጠ አይወረውርም። ዘንጉ ላይ ከመያዣው ከፍ ብሎ ጽሑፍ አለ፤ ስንት ግራም ወይም አውንስ እንደሚወረውር ይናገራል። አንድ አውንስ 28 ግራም ነው። ከ3 እስከ 10 ግራም አካባቢ የሚል ፈልጉ። ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሁለት ወይም ለአራት የሚከፈል ይሁን። አንድ ወጥ የሆነ 2 ሜትር ዘንግ ይዛችሁ ሚኒባስ ውስጥ ብትገቡ ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ይላችኋል።

ዘንግ ካልመጣላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። 4 ሜትር ሸንበቆ፣ ጫፉ ላይ የዘንጉን ያህል ክር ታስሮ፣ ለቆሮሶ ከማንኛውም ፋብሪካ ዘንግ አያንስም።

ክር፣ ዋናው ነገር

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ ክር ግዙ። ሳጥን ሙሉ ሉር በመጥፎ ክር ጫፍ ላይ ለወንዙ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ተራው ናይለን ይለጠጣል። መለጠጡ ጥቅምም ጉዳትም ነው። ቢልጫ ድንገት ሲሮጥ ይቀበለዋል፣ መንጠቆው አይነቀልም። ጂግ ላይ ቀስ ያለች ንክሻ ግን አትሰማም። ርካሽ ነው፣ ለማሰርም ቀላል። ፀሐይ ግን ጠላቱ ነው። ሱቅ መስኮት ላይ ዓመት ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ናይለን ከላይ 8 ኪሎ ይላል፣ በጣት ሲጎትቱት ድም ብሎ ይበጠሳል። መግዛት ካለባችሁ ከጨለማ ካርቶን ውስጥ የወጣውን ግዙ፣ ክንድ ያህል ፈትታችሁ ቋጥራችሁ ሳቡት። ባለ ሱቁ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

የተገመደው፣ ብሬድ የሚባለው፣ አይለጠጥም። በውፍረቱ ከናይለን ብዙ እጥፍ ይጠነክራል። ግንድ ላይ የተሰካ ሉርን አንዳንዴ መንጠቆውን አቃንቶ ያስለቅቃል። ችግሩ ይታያል፣ የድንጋይ ስለት ላይ ቶሎ ይበላል፣ ጣትም ይቆርጣል። በእጃችሁ ጠቅልላችሁ እንዳትስቡት፤ ዱላ ላይ ጠቅልሉ።

ሦስተኛው ፍሎሮካርበን ነው። ውሃ ውስጥ እምብዛም አይታይም፣ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ይችላል። ውድ ነው፤ መጠቅለያ ሙሉ አያስፈልገንም። አንድ ሜትር ከፊት ማሰር በቂ ነው።

የእኔ የአሁኑ አቀማመጥ፦ 10 ፓውንድ ብሬድ መጠቅለያው ላይ፣ ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ባለ 8 ፓውንድ ፍሎሮካርበን፣ ከዚያ ቀለበቷ፣ ከዚያ ስፒነር። 8 ፓውንድ ማለት 3.6 ኪሎ የሚችል ማለት ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ብሬዱን ተዉትና በ8 ፓውንድ ናይለን ጀምሩ። ስህተት ይምራል።

የትና መቼ

ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም ወንዞቻችን ቡና በወተት ይመስላሉ። ያኔ ስፒነር አይሠራም፣ ትልም ጥግ ጥግ ካልሆነ። ከኅዳር እስከ የካቲት ውሃው ይጠራል፤ የሉር ወቅት ያ ነው። ሰዓቱ ከንጋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ።

ለሰፊ ውሃ ግልገል ጊቤ አንድ አለ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፋችሁ፣ ሶኮሩ ሳትደርሱ ነው። ግድቡ 40 ሜትር ከፍታ አለው፣ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው፣ 184 ሜጋ ዋት። ወደ ግድቡ ግንብና ወደ ማመንጫው አትጠጉ፣ ጥበቃ አለ። ሌላው ዳርቻም ቢሆን ከመወርወራችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ በሥራው የሚተዳደሩ አጥማጆችም አሉ። መረባቸው ላይ ስፒነር የጣለ ሰው ሰላምታ አያገኝም። እዚህ ቆሮሶም ቢልጫም አለ፤ ለቆሮሶ ትል፣ ለቢልጫ 3 ቁጥር ስፒነር ወይም ጂግ።

ለወንዝ ጎጀብን እመርጣለሁ፣ በቦንጋ መንገድ። ፈጣኑና ዝግተኛው የሚገናኝበት መስመር እዚያ በግልጽ ይታያል። ከተማ ውስጥ የሚያልፈውን አዌቱን ተዉት፤ የሚይዘው ፌስታል ነው።

ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አትቁሙ። ቢልሃርዚያ በዚህ አካባቢ አለ፤ ዘንግ የያዘ ሰው ከዳር ሆኖ ይደርሳል። ግድቡ ዙሪያ ወባም አለ፣ ስለዚህ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ልበሱ። አምባዛ ብላችሁ ለማምሸት ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ለአገሬው ሰው ንገሩ፣ የት ቁጭ ማለት እንዳለባችሁ እሱ ያውቃል። ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ አፍንጫውን ብቻ ያሳያችኋል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ያው እናንተ የተቀመጣችሁበት ጥርጊያ ነው። ቢልጫው ቢነክስም ባይነክስም እኔ 11 ሰዓት ተኩል ሲል ክሬን ጠቅልዬ ባጃጅ እፈልጋለሁ።